ስኳር ያለበት ሰው በሰሙነ ሕማማት እንዴት ይስገድ?

ጥያቄ፦ መምህር፣ ስኳር ካለብኝ ቆየሁ። ጠዋትና ማታ ኢንሱሊን እወጋለሁ። ባለፈው ዓመት ስቅለት ቀን ስሰግድ ላብ አጠመቀኝ፣ እጄ ተንቀጠቀጠ፣ ከዚያ ወደቅሁ። አጠገቤ የነበሩት «መንፈስ ነው» ብለው ጠበል ረጩኝ። ዘንድሮ ልስገድ ወይስ ልተው? ከረሜላ ብቀምስስ ጾሜ ይፈርሳል?

መልስ፦ እኅቴ፣ እግዚአብሔር ይማርዎ። ከመጨረሻው ልጀምር። ስኳርዎ ሲወርድ የሚቀምሱት ከረሜላ መድኃኒት ነው፤ ጾም አያፈርስም። ፍትሐ ነገሥትም ስለ ጾም ሲደነግግ ሕሙማንን ለይቶ ያያል። ሲራክ በምዕራፍ 38 መድኃኒትን ከምድር የፈጠረ እግዚአብሔር እንደሆነ ይነግረናል። ስለዚህ በነጠላዎ ተሸፍነው፣ ተሳቀው አይቅመሱ።

ያጋጠመዎት ነገር ስኳር ሲወርድ የሚታይ ምልክት ነው። ስግደት ቀላል እንቅስቃሴ አይደለም። ከቆሙበት መሬት ወድቆ መነሣት ጭንንም ክንድንም ያሠራል፤ ጡንቻው ደግሞ ስኳሩን ከደም ይስባል። የተወጉት ኢንሱሊን ሥራውን አያቆምም። ሆድዎ ከማታ ጀምሮ ባዶ ነው። ታዲያ ስኳሩ ባይወርድ ነበር የሚገርመው! ጠበሉን አልነቅፍም፤ ግን እንዲህ ያለ ሰው ስናይ መጀመሪያ ስኳር እናቅምሰው። ራሱን ከሳተ ግን ጠበልም ቢሆን በአፉ አይሰጥም፣ ያንቀዋል። ፈጥኖ ሐኪም ቤት ነው።

ስለዚህ ይስገዱ፣ ግን በአቅምዎ። ሕማማት ሳይገባ ሐኪምዎንና የንስሐ አባትዎን ያማክሩ። በጾም ወቅት የመርፌውን መጠን የሚወስነው ሐኪሙ ነው። «ሳምንት ነው፣ ምን ይሆናል» ብለው መርፌውን በራስዎ እንዳያቆሙ፤ ይህ ይገድላል።

የስኳር መለኪያ ማሽንዎን ይዘው ይሂዱ። ከመስገድዎ በፊት ይለኩ። ከ90 (mg/dL) በታች ከሆነ ትንሽ ነገር ይቅመሱ። ከ250 በላይ ሆኖ ካቅለሸለሸዎት ስግደቱን ትተው ወደ ሐኪም ይሂዱ። መሐል ላይ ላብ ላብ ካለዎት «ይቺን ልጨርስ» አይበሉ፤ ቁጭ ይበሉ። ከ70 በታች ከሆነ አራት የሻይ ማንኪያ ስኳር በውኃ በጥብጠው ይጠጡ፣ ወይም ግማሽ ብርጭቆ ለስላሳ። ከ15 ደቂቃ በኋላ እንደገና ይለኩ። ያን ቀን ብዙ ከሰገዱ ሌሊትም ሊወርድ ስለሚችል ሳይለኩ አይተኙ።

አንድ ነገር ብዙ ሰው አያውቀውም። ስኳሩ ዓይንዎን ጎድቶት ከሆነ፣ ግንባርን መሬት ማስነካት ዓይን ውስጥ ደም ሊያፈስ ይችላል። ሐኪም እንዲህ ካለዎት አድንኖ አለልዎት። ዲያቆኑ «አድንኑ አርእስቲክሙ» ሲል ሁላችንም ራሳችንን ዝቅ እናደርግ የለ? በዚያው ይስገዱ፤ ያነሰ ስግደት አይደለም። ግቢው ውስጥ ጫማ ስለምናወልቅ ደግሞ ወፈር ያለ ካልሲ ያድርጉ፤ ማታ የእግርዎን መዳፍ ገልብጠው ይዩ። እግርዎ የደነዘዘ ከሆነ ጠጠር ቢወጋዎም አይሰማዎትም።

በጸሎተ ሐሙስ ለመቁረብ ካሰቡ ከንስሐ አባትዎ ጋር ለብቻው ይነጋገሩበት። ያን ቀን ስኳርዎ ወርዶ ከቀመሱ ለካህኑ ይንገሩ እንጂ ደብቀው አይቅረቡ፤ ለመቁረብ ብለውም ሳይቀምሱ አይቆዩ። የትንሣኤ ሌሊት ቅዳሴ አለ፤ ያኔ ይቆርባሉ።