መልስ፦ አራት የመብራት ምሰሶ ይበቃል ወይ?

«በሰፈራችን ሜዳ አራት የመብራት ምሰሶ ብንተክል ሴቶች በሰላም ያልፋሉ?» ብለው ለጠየቁት ወንድሜ፦ ምሰሶውን ይትከሉ፤ ግን ከእሱ አይጀምሩ። የሚያይ ሰው በሌለበት ቦታ መብራት ብቻውን ማንንም አይጠብቅም።

በመጀመሪያ ከሴቶቹና ከልጃገረዶቹ ጋር በእግር ይዙሩ፤ አንዴ በቀን፣ አንዴ ከመሸ በኋላ። ዘዴው እ.ኤ.አ. በ1989 በቶሮንቶ የተጀመረ ሲሆን ደልሂን ጨምሮ በብዙ ከተሞች ተሠርቶበታል። የት ላይ እርምጃቸውን እንደሚያፈጥኑ፣ የትኛውን አቋራጭ ትተው ዙሪያ ጥምጥም እንደሚሄዱ ካርታ ላይ ምልክት ያድርጉ። እኛ ወንዶች ይህን ቢሮ ተቀምጠን ልናውቀው አንችልም።

በኬፕታውን ዳርቻ፣ በካዬሊትሻ፣ ሰው በሚበዛባቸው የእግር መንገዶች ዳር ሌት ተቀን ሰው የማይለያቸው ትናንሽ ፎቆች ተሠርተዋል። ከአንዱ ሆኖ ሌላውን ማየት ይቻላል፤ መንገደኛዋ ብትጮህ የሚሰማት አለ። ገንዘብ ለሌለው ሰፈር ደግሞ እስከ ምሽት ክፍት የሆነ ሱቅ ወይም የቡና መሸጫ ተመሳሳይ ሥራ ይሠራል።

ሜዳው መጫወቻም ከሆነ የቪየናን ልምድ ይመልከቱ። እዚያ ልጃገረዶች አሥር ዓመት ገደማ ሲሆናቸው ከፓርኮች እንደሚጠፉ ታየ፤ አንዱን ትልቅ ሜዳ ወንዶቹ ይይዙታል። ስለዚህ ሜዳዎቹ ተከፋፈሉ፣ መግቢያዎችም ተጨመሩ።

ሴቶቹን ስለ ሜዳው የሚያማክሩበትን ስብሰባ በእራት ሰዓት አይጥሩ። ልጃገረዶቹንም ለብቻ ያነጋግሩ፤ እናት ፊት የማይነገር ብዙ ነገር አለ።