ጳጉሜ 6 ላይ የሚሰበር ኮድ

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ እንደምን ሰነበቱ? የእኛን ቀን ወደ ፈረንጆቹ የሚቀይር ትንሽ የፓይተን ላይብረሪ (ሌሎች ፕሮግራሞች የሚጠቀሙበት ዝግጁ ኮድ) ጊትሀብ በሚባለው የኮድ መጋሪያ ድረ ገጽ ላይ ለቅቄያለሁ። ሰዎች ማሻሻያ ይልኩልኛል። አንዱን ስቀበል ሌላው ይበላሻል። ሁሉን በእጄ መሞከር ታከተኝ። ምን ይሻለኛል?
(ከሐዋሳ፣ ታቦር)

መልስ፦ ወንድሜ፣ እኔም እዚሁ አሞራ ገደል አሳዬን እየበላሁ፣ የአንድ ልጅ ማሻሻያ በስልኬ አይቼ "አሪፍ ነው" ብዬ አስገብቼ አውቃለሁ። ማታ ፕሮግራሙ አልነሳም አለ። ከዚያ ወዲህ ዓይኔን አላምንም።

በፓይቴስት ጀምር፤ ኮድህ ትክክለኛውን መልስ መስጠቱን በራሱ የሚፈትሽልህ የፓይተን መሣሪያ ነው። መቶ ቴስት (ፍተሻ) አያስፈልግህም፤ አስቸጋሪዎቹን ቀኖች ያዝ። ያንተ ጉድ ያለው ጳጉሜ ላይ ነው። ዓመቱ ለ4 ተካፍሎ 3 ከተረፈ ጳጉሜ 6 ቀን አላት። 2015 እንዲያ ነበር። ስለዚህ መስከረም 1 ቀን 2016 የዋለው ሴፕቴምበር 12 ቀን 2023 ነው። ከዚያ በፊት የነበረው መስከረም 1 ግን ሴፕቴምበር 11 ላይ ነበር። ሁለቱንም ጻፋቸው። ጳጉሜ 6 ቀን 2016 ደግሞ የሌለ ቀን ነው፤ ኮድህ ዝም ብሎ ከቀየረው ቴስቱ ይውደቅ።

ቀጥሎ ጊትሀብ አክሽንስ፤ እንዲህ ያለውን ሥራ በራሱ የሚያስኬድልህ የጊትሀብ አገልግሎት ነው። ፑል ሪኩዌስት (ማሻሻያዬን ተቀበለኝ የሚል ጥያቄ) በመጣ ቁጥር ቴስቱ በራሱ ይሠራል። ኮዱ ለሁሉም ለሚታይ ፕሮጀክት፣ ቴስቱ የሚሠራበት መደበኛው የጊትሀብ ማሽን ነጻ ነው። ያምል ፋይሉን (ለአክሽንስ ምን እንደሚሠራ የሚነግረውን) ስትጽፍ ብቻ መስመሩን ከዳር ገባ ለማድረግ ታብ እንዳትጠቀም፤ እኔን ግማሽ ቀን በልቶኛል። ዋናውን ብራንች (ዋናው ኮድ ያለበትን ቅርንጫፍ) ደግሞ ቴስት ሳያልፍ ምንም እንዳይገባበት ቆልፈው። ለራስህም ጭምር። እጃችን ያሳክከናላ!