ሰው ለምታስቁ የባህርዳር ልጆች

ልጆች እንደምን ናችሁ፣ ይሄን የምጽፈው በተለይ ጣና ዳር ስልካችሁን ዛፍ ላይ አስደግፋችሁ ቪዲዮ ለምትሰሩት፣ ሙሉዓለም አዳራሽ መድረክ ላይ ለመውጣት ለምትለማመዱት፣ ሰርግ ላይ ማይክ ሲሰጣችሁ ሰዉን በሳቅ ለምትፈጁት ነው። እኔ ጡረታ የወጣሁ የጤና ባለሙያ ነኝ፣ ወጣት ሆኜ ደግሞ ኪነት ውስጥ ነበርኩ፤ በደርግ ጊዜ ቀበሌውም ፋብሪካውም ጦሩም ሁሉ የኪነት ቡድን ነበረው እኮ፣ እናንተ አልደረሳችሁበትም እንጂ ዛሬ በቲክቶክ የሚወጣው ጨዋታ ያኔ በአዳራሽ ነበር የሚወጣው። ስለዚህ ሰው የሚያስቁ ሰዎችን ከመድረክ ጀርባም አይቻቸዋለሁ፣ አርጅተው ሲታመሙም አይቻቸዋለሁ፣ የምላችሁም አንድ ነገር ነው፦ ይሄ ስራ የ60 ዓመት ስራ ሊሆን ይችላል፣ እንደሱ አስባችሁ ጀምሩት።

ሰው "ሳቅ እድሜ ያስረዝማል" ይላል። ማስረጃ ሲጠየቅ ደግሞ የፈረንጆቹን ኮሜዲያኖች ይቆጥራል፣ ቦብ ሆፕ 100 ዓመት ኖሮ እ.ኤ.አ. በ2003 ሞተ፣ ጆርጅ በርንስም 100 ሞልቶት እ.ኤ.አ. በ1996፣ ቻርሊ ቻፕሊን 88 ደርሷል። እውነት ነው። ግን እኛ ጋ ኑ፣ አለባቸው ተካ ከልመንህ ታደሰ ጋር ሆኖ አገሩን ሲያስቅ ኖሮ፣ በኋላም በአለቤ ሾው የሰው ችግር ቴሌቪዥን ላይ ይዞ መጥቶ፣ ገና በጉልምስናው በመኪና አደጋ ነው የተቀጨው። ኮሜዲያን ተስፋዬ ካሳም ሳንጠግበው ነው የሄደው። ሳቅ ብቻውን እድሜ የሚያረዝም ቢሆንማ እነዚህ ልጆች ዛሬ ሽማግሌ ሆነው እናያቸው ነበር። የኖሩትን ስንቆጥር ያልኖሩትን እንረሳለን፣ ነገሩ እሱ ነው፤ ጆርጅ በርንስ ከእጁ ሲጋር፣ ያ ወፍራሙ ሲጋራ፣ አይለይም ነበር፣ እና ሲጋራ 100 ዓመት ያኖራል ልንል ነው? በስራዬ ዘመን ሲጋራ ሳንባቸውን የጨረሰባቸውን ሰዎች ሳክም ነው የኖርኩት፣ ስለዚህ ይሄን ወሬ ከኔ አትጠብቁ።

ከረጅም እድሜያቸው ይልቅ እኔን የሚገርመኝ እስከመጨረሻው ስራ ላይ መቆየታቸው ነው። ጆርጅ በርንስ ከሚስቱ ከግሬሲ አለን ጋር ሆኖ ስንት ዘመን ሲያስቅ ቆይቶ እሷ እ.ኤ.አ. በ1964 ስትሞትበት ብዙ ሰው አለቀለት ሳይል አይቀርም፣ እሱ ግን 80 ዓመት ሞልቶት ኦስካር ወሰደ። 80!

የኛዎቹን ካነሳን አባባ ተስፋዬን ማንሳት ግድ ነው። እናንተ ምናልባት የምታውቋቸው ሽበታም ሆነው ተረት ሲያወሩ ብቻ ነው፣ "ጤና ይስጥልኝ ልጆች" ሲሉ፣ "የዛሬ አበባዎች የነገ ፍሬዎች" ሲሉ። ግን ከዛ በፊት የነበረውን ሰው እዩት እስኪ፣ ተስፋዬ ሳህሉ ማለት ክራር የሚጫወት፣ የሚዘፍን፣ ሴቶች መድረክ ላይ በማይወጡበት ዘመን የሴት ልብስ ለብሶ ሴት ሆኖ የሚተውን፣ ከቃኘው ሻለቃ ጋር ኮሪያ ድረስ ሄዶ ወታደሩን ያዝናና ሰው ነው። ቦብ ሆፕም እኮ ኮሪያ ሄዶ የአሜሪካንን ወታደር ያስቅ ነበር፣ ባንድ ጦርነት ሁለቱም ማለት ነው፣ ይሄን ሳስበው ደስ ይለኛል። ከዛ በ1957 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ቴሌቪዥን ሲጀመር የልጆች ጊዜን ይዘው ገቡና ከ40 ዓመት በላይ ቆዩበት፣ ያረፉት በሐምሌ 2009 ዓ.ም. ነው፣ ከ90 ዓመት በላይ ሆነው። እኔ ይሄን እንዲህ ነው የማየው፣ ሰውየው እድሜያቸው ሲጨምር ከእድሜያቸው ጋር አልተጣሉም፣ ጉልበት ባለበት ጊዜ በጉልበት የሚሰራውን ሰሩ፣ ሲሸመግሉ ደግሞ ሽምግልናው ራሱ ስራቸው ሆነ፣ አባባ ተባሉበት። እናንተ ዛሬ የምታስቁት በዝላይና በጩኸት ብቻ ከሆነ 45 ዓመት ሲሞላችሁ በምን ልታስቁ ነው? አንድ መሳሪያ ተማሩ፣ ክራርም ማሲንቆም ይሁን፣ መጻፍ ተማሩ፣ ተረት ሰብስቡ፣ ዘጌና ደቅ ያሉ ሽማግሌዎች ጋ ሄዳችሁ ጨዋታቸውን ስሙ። ማህሙድ አህመድን እዩ፣ በሊስትሮነት የጀመረ ልጅ ጥር 2017 ዓ.ም. ሚሊኒየም አዳራሽ ከመድረክ ሲሰናበት 80ን አልፎ ነበር። ዘፋኝ ነው፣ ኮሜዲያን አይደለም፣ ግን የመድረክ እድሜ ምን እንደሚመስል ያሳያል።

ስለ ሙያው ራሱ አንድ ነገር ላሳያችሁ። የድሮ የኪነት ሰው የሆኑ አዛውንት ነበሩ፣ ስማቸውን አልጽፍም፣ ግፊታቸውን ለመለካት እኔ ወደምሰራበት ይመጡ ነበር። አንድ ቀን ወረፋው ረዝሞ ሰዉ ሁሉ ፊቱን አጥቁሮ ተቀምጧል፣ ልጅ ያለቅሳል፣ እሳቸው ምንም ሳይናገሩ ባርኔጣቸውን አወለቁና ጉልበታቸው ላይ አድርገው ውስጡን ማየት ጀመሩ። አገላበጡት። በጣት ደበደቡት። አሁንም ዝም። ሰው አንድ በአንድ ወደሳቸው ዞረ፣ የሚያለቅሰው ልጅ ሳይቀር ዝም አለ፣ መጨረሻ ላይ አንዷ እናት አላስቻላትምና "አባባ ምን ጠፍቶብዎት ነው?" አለች። እሳቸው ቀና እንኳን ሳይሉ "ወረፋዬ! ጠዋት ስመጣ ሁለተኛ ነበርኩ" አሉ። ቤቱ ፈረሰ! ከኋላ ያለው ካርድ ክፍል ሳይቀር ሳቀ። ልብ በሉ፣ ቀልዷ አንድ መስመር አትሞላም፣ ስራውን የሰራው ዝምታው ነው፣ ጥያቄው ከሰው አፍ እስኪወጣ መጠበቃቸው። እናንተ ደግሞ ቪዲዮ ስታቀናብሩ ዝም ያላችሁበትን ቦታ ሁሉ ቆርጣችሁ ትጥሉታላችሁ፣ ሰው እንዳያልፈን ብላችሁ ነው፣ ይገባኛል፣ ግን ሳቁን አብራችሁ እየቆረጣችሁት ነው። እስኪ አንድ ጊዜ ተዉትና እዩ።

አሁን ወደ ጤናው ልምጣ፣ ይሄ የኔ ቤት ነው። ድምጽ ይታመማል። ሌሊት ክለብ ውስጥ በሙዚቃ ላይ ጮሆ ማውራት፣ በላዩ ላይ መጠጥና ሲጋራ፣ ጫቱ ደግሞ አፍና ጉሮሮ ያደርቃል እንቅልፍም ይነሳል። ውሃ ጠጡ፣ ድምጻችሁ ሲሻክር አሳርፉት፣ ማንሾካሾክ ማሳረፍ አይደለም፣ እሱም ያደክመዋል፤ ሶስት ሳምንት አልፎት ካልተመለሰ የአንገት በላይ ሐኪም ጋ ሂዱ፣ በዝንጅብል ብቻ አትቆዩ። የደንገሉ ጣንኳ እንኳን ቀኑን ውሃ ላይ ውሎ ሲመጣ አውጥተው ያደርቁታል፣ አለዚያ ውሃ ጠጥቶ ይከብዳል፣ እናንተም ከስራ በኋላ መድረቂያ ጊዜ ያስፈልጋችኋል። ደግሞ ሌሊት ከስራ በኋላ በባጃጅም በሞተርም ጠጥቶ ከሚነዳ ሰው ጋር አትሳፈሩ፣ ስንቱ ነው በዚህ የሄደው። የደም ግፊት ብዙ ጊዜ ምልክት አይሰጥም፣ 30 ካለፋችሁ ባትታመሙም ተለኩ። ይሄን ሁሉ የምለው ብዙ አስቂኝ ሰዎች ሌላውን እያሳቁ የራሳቸውን ህመም ለማንም ስለማይናገሩ ነው፣ ሰዉም እሱ ምን ሆኖ ይላል፣ ቢናገሩም ቀልድ ይመስለዋል። ልባችሁ ሲከብድ የማትቀልዱለት አንድ ሰው ይኑራችሁ፣ ከባሰም ሐኪም አለ፣ ነውር የለውም።

ገንዘብ ላይ አጭር ነገር። ይሄ ስራ ጡረታ የሚቆርጥላችሁ መስሪያ ቤት የለውም፣ ስፖንሰር ዛሬ መጥቶ ነገ ይሄዳል። እቁብ ግቡ፣ እድር ግቡ፣ የማህበረሰብ አቀፍ የጤና መድኑን ቀበሌ ሄዳችሁ ተመዝገቡ፣ በየዓመቱ አድሱት። ሁለት ሆናችሁ የምትሰሩ ደግሞ፣ ጥንድ ኮሜዲ አገራችን ይወዳል፣ ልመንህና አለባቸው፣ ደረጀና ሀብቴ ስንል አንዱን ካንዱ ለይተን መጥራት እንኳን ያቅተናል፣ ስለዚህ አካፋፈላችሁን ገና ስትዋደዱ በወረቀት ጻፉት፣ ቻናሉ በማን ስም እንደሆነም ጭምር።

መጨረሻ የምለምናችሁ ስለድሮዎቹ ነው። የአዲስ አበባዎቹ ቢያንስ ቴሌቪዥን ላይ ቀርተዋል፣ በበዓል ፕሮግራም የሰሩት ዛሬም ዩቲዩብ ላይ ይታያል። የኛ ሰፈር ሰዎች ግን፣ የኪነቶቹ፣ የፋብሪካዎቹ፣ ሰርግ የሚያሞቁት አዝማሪዎች፣ ምንም የላቸውም፣ ሞተው ሲቀበሩ ጨዋታቸውም አብሮ የሚቀበር ነው። ስልክ አላችሁ፣ ሂዱና ቅረጿቸው፣ መጀመሪያ አስፈቅዱ፣ ከፖስቱ ገንዘብ ከመጣ አካፍሏቸው፣ ስማቸውን ከነአባታቸው፣ ቀኑን፣ ቦታውን፣ ቀልዱን ከማን እንደሰሙት ራሳቸው እንዲናገሩ አድርጉ። በህይወት እያሉ ነው ይሄ የሚደረገው፣ ለለቅሶ የሚሆን ፎቶ ፍለጋ ከመሮጥ በፊት። ቤታችሁ የድሮ ካሴት ካለም አትጣሉት፣ ጣና ዳር እርጥበቱ ሻጋታ ያመጣል፣ ክሩ ላይ ነጭ ነገር ካያችሁ ቴፕ ውስጥ አትክተቱት፣ ሻጋታው ቴፑንም ያበላሸዋል፣ ለሚያውቅ ሰው ስጡና ይጸዳ። ደህና የሆነውን ግን ዛሬ ነገ ሳትሉ ወደ ስልክ ገልብጡት፣ የሚሰራ ቴፕ ካጣችሁ እኔ ጋ አለ፣ ካሴታችሁን ይዛችሁ ኑ፣ ቡናም አለ፣ አብረን እንገለብጠዋለን።