የፓይለት ስልጠና ክፍያ፦ ከድሬዳዋና ከሐረር ለመጡ ጥያቄዎች መልስ

የተመሳሰሉትን ጥያቄዎች አንድ ላይ አድርጌ እመልሳለሁ። አብዛኛው ሰው «ስንት ብር ነው?» ይላል። እኔ ደግሞ ብሩ ከመከፈሉ በፊት ቅደም ተከተሉ እንዲስተካከል እፈልጋለሁ፤ የብዙ ቤተሰብ ገንዘብ የሚባክነው እዚያ ላይ ነው።

ከሳቢያን፦ 12ኛ ክፍል ጨርሻለሁ። አባቴ ለመጀመሪያ የሚሆን ገንዘብ አዘጋጅቷል። የት ልመዝገብ?

ገና አትመዝገብ ወንድሜ። መጀመሪያ አንደኛ ደረጃ የሚባለውን የአቪዬሽን የሕክምና ምርመራ እለፍ። እየተከፈለህ ለመብረር የሚያስችለውን የንግድ አብራሪነት ፈቃድ ለማግኘት ግድ ነው። ዓይን፣ የቀለም መለየት፣ የመስማት ልኬት፣ የልብ ኢሲጂ፣ የደም ግፊት፣ ሽንት እና የአእምሮ ጤና ይታያል። በማንኛውም ሆስፒታል አይሠራም፤ የሲቪል አቪዬሽን ባለሥልጣን የፈቀደላቸው ሐኪሞች ብቻ ናቸው የሚሰጡት። ውጭ አገር የምትማር ከሆነ ደግሞ የዚያን አገር ምርመራ ነው የምታልፈው።

ከዚያም በፊት እዚያው ድሬ የዓይን ክሊኒክ ገብተህ በነጠብጣብ የተሞሉ ቁጥሮች ያሉበትን የቀለም መጽሐፍ አሳዩኝ በላቸው። አምስት ደቂቃ አይፈጅም። ቀይና አረንጓዴ የሚምታታበት ሰው ብዙ ጊዜ ራሱም አያውቀውም፤ ችግሩ ደግሞ በወንዶች ላይ ይበዛል። ይህን ከፍሎ ከጀመረ በኋላ ማወቅ በጣም ያማል።

መነጽር አደርጋለሁ፤ አበቃልኝ?

አላበቃም። በዓለም አቀፉ መስፈርት መሠረት በመነጽር እያንዳንዱ ዓይን 6/9፣ ሁለቱ አንድ ላይ 6/6 ካዩ ይፈቀዳል። በበረራ ላይ ትርፍ መነጽር መያዝ ግዴታ ነው። አሠሪው ከዚህ የጠበቀ መስፈርት ሊያወጣ ስለሚችል ማስታወቂያውን አንብብ።

ከሐረር፣ ሸንኮር፦ ጫት የምንቅም ልጆች አለን። ምርመራ ላይ ያስቸግራል?

ጥያቄውን በግልጽ በመጠየቃችሁ ደስ ብሎኛል፤ በእኛ አካባቢ ሰው ያፍርበታል። ጫት ውስጥ ካቲኖን እና ካቲን አሉ፤ ሁለቱም አነቃቂ ናቸው። የልብ ምትና የደም ግፊት ከፍ ያደርጋሉ፣ እንቅልፍ ያሳጣሉ። ምርቃናው ሲወርድ የሚመጣው ድካምና መነጫነጭ በረራ ላይ አደገኛ ነው። የአቪዬሽን ሕግ አብራሪ በአነቃቂ ዕፅ ተጽዕኖ ሥር ሆኖ እንዲበር አይፈቅድም፤ «ባህላችን ነው» ማለት አያድንም። የአምፌታሚን ምርመራም ሊያሳየው ይችላል።

አሜሪካም ሆነ እንግሊዝ በሕግ የተከለከለ ነው። ለዘመድ ተብሎ ሻንጣ ውስጥ የገባ አንድ ዙርባ ቪዛንም ሙያንም ያሳጣል። ፓይለት መሆን የሚፈልግ ልጅ ከማመልከቱ ከወራት በፊት ጨርሶ ማቆም አለበት፤ ለምርመራው ቀን ብቻ ማቆም ራስን ማታለል ነው።

ከከዚራ፦ ትምህርት ቤቱ የጻፈው ዋጋና ተማሪዎቹ የሚነግሩን ዋጋ ለምን አይገጥምም?

ማስታወቂያው የሚጻፈው በሕጉ ዝቅተኛ ሰዓት ስለሆነ ነው። የግል ፈቃድ (ፒፒኤል) ዝቅተኛው 40 ሰዓት ነው፤ ብዙው ተማሪ ግን ከ55 እስከ 70 ሰዓት ባለው ውስጥ ነው የሚጨርሰው። ለንግድ ፈቃድ (ሲፒኤል) በዓለም አቀፉ መስፈርት 200 ሰዓት፣ በጸደቀ የተቀናጀ ስልጠና 150 ሰዓት ነው። አሜሪካ ውስጥ በተለመደው መንገድ 250 ነው። በመጀመሪያው ፈቃድ ላይ የጨመርከው ሰዓት ለ200ው ይቆጠርልሃል፤ ነገር ግን ከአስተማሪ ጋር የበረርከው፣ አንተው አዛዥ ሆነህ ልትበርበት ከሚገባው 100 ሰዓት ውስጥ አይገባም።

ሁለተኛው ቀዳዳ ቆጣሪው ነው። የኪራይ ሰዓት በአብዛኛው የሚቆጥረው ሞተሩ ከተነሳበት ጀምሮ ነው። የበዛበት አየር ማረፊያ ላይ መነሻ መስመሩ ዳር 12 ደቂቃ ቆመህ ተራ ብትጠብቅ፣ በቆጣሪው 0.2 ሰዓት ነው። 100 በረራ ላይ 20 ሰዓት ይሆናል። ሰዓቱ 200 ዶላር ቢሆን መሬት ላይ ቆመህ 4,000 ዶላር ከፍለሃል ማለት ነው። ስለዚህ በሰዓት ርካሽ የሆነው ትምህርት ቤት ሁልጊዜ በጠቅላላው ርካሽ አይደለም።

ዋጋውን ስትጠይቅ እነዚህን በጽሑፍ አስመልስ፦ ነዳጅ አብሮ ነው? የአስተማሪው ክፍያ ለብቻ ነው? የማረፊያ ክፍያ፣ የፈታኙ ክፍያ፣ የድጋሚ ፈተና፣ የሲሙሌተር ሰዓት፣ ባለ ሁለት ሞተር አውሮፕላን፣ የጆሮ ማዳመጫ፣ ኢንሹራንስስ? ከዚያ ከድምሩ ላይ ቢያንስ 25 በመቶ መጠባበቂያ ጨምር።

ሙሉውን ቀድሜ ብከፍል ቅናሽ አለ ይሉኛል።

አትክፈል። አውሮፕላን የሚያከራይ ትምህርት ቤት በኢንሹራንስ፣ በጥገናና በነዳጅ ዋጋ በቀላሉ ይናጋል፤ ሲዘጋ ደግሞ ተማሪው ከገንዘብ ጠያቂዎች መጨረሻ ላይ ነው የሚሰለፈው። የ10 ሰዓት የ10 ሰዓት እየከፈልክ ሂድ፤ ግፋ ቢል በየፈቃዱ ደረጃ። ውሉ ላይ ያልበረርክበት ገንዘብ በስንት ቀን እንደሚመለስ መጻፍ አለበት።

ስንት አውሮፕላን አላችሁ ብለህ ብቻ አትጠይቅ፤ *ዛሬ* የሚበርሩት ስንት ናቸው በል። ስልጠና ላይ ያለ አውሮፕላን በየ100 ሰዓቱ ተፈትሾ ነው የሚመለሰው፤ መለዋወጫ ከጠፋ ወር ሊቆም ይችላል። ለ40 ተማሪ ሦስት የሚበር አውሮፕላን ካለ፣ አንተ የምትከፍለው የቤት ኪራይና ምግብ ነው።

ከመጋላ፦ በዕቁብ ወይም ቤት አስይዘን መጀመር እንችላለን?

ዕቁብ ለሜዲካል፣ ለፓስፖርት፣ ለእንግሊዝኛና ለመጀመሪያው ፈቃድ ይረዳል። አደጋው ክፍተቱ ነው። 60 ሰዓት በርሮ የሚቀጥለውን ዕጣ ስድስት ወር የሚጠብቅ ልጅ እጁ ይዝላል፤ ሲመለስ የመጀመሪያዎቹ ከ8 እስከ 10 ሰዓቶች የተማረውን ለማስታወስ ይሄዳሉ። 120 ሰዓት ላይ ገንዘቡ ያለቀበት ሰው ደግሞ በእጁ ሥራ የሚያስገኝ ወረቀት የለውም። ቢያንስ የአንዱ ደረጃ ገንዘብ በሙሉ ሳይቀመጥ አትጀምሩ።

የቤቱን ካርታ ማስያዝን አልመክርም። የምትከፍሉት በዶላር፣ የምትበደሩት በብር ነው። በሐምሌ 2016 የምንዛሪ ሥርዓቱ ሲቀየር 57 ብር አካባቢ የነበረው ዶላር በጥቂት ሳምንት ከ100 አልፏል። 40,000 ዶላር ከ2.3 ሚሊዮን ብር ገደማ ወደ 4 ሚሊዮን በላይ ሄደ ማለት ነው፤ ልጁ ግን ገና ትምህርት ላይ ነው። ክፍያውን በባንክ፣ በቅበላ ደብዳቤና በክፍያ መጠየቂያ፣ በቀጥታ ወደ ትምህርት ቤቱ ሒሳብ ላኩ። ዶላሩ ከማይታወቅ ሰው ሒሳብ ከተላከ ቪዛ ላይ የገንዘቡን ምንጭ ማስረዳት ያቅታችኋል።

አሜሪካ መማር ፈልጌ ነበር፤ እየሠራሁ ልከፍል እችላለሁ?

አትችልም። የሙያ ትምህርት ቪዛው (ኤም 1) በትምህርት ላይ እያሉ መሥራትን አይፈቅድም፤ የሙሉውን ጊዜ ክፍያና መኖሪያ አስቀድመህ ማሳየት አለብህ። ለአሜሪካ መንግሥት የሚከፈለው የተማሪ መመዝገቢያ (ሴቪስ) 350 ዶላር ነው፤ ከቪዛው ክፍያ ውጭ። ከዚያም የመጓጓዣ ደኅንነት መሥሪያ ቤቱ አሻራ ወስዶ ፈቃድ እስኪሰጥ መብረር አትጀምርም። ናይሮቢ ዊልሰን አየር ማረፊያ ያሉትን ትምህርት ቤቶችም አነጻጽር፤ ቅርብ ነው፣ ቤተሰብም ይደርስልሃል።

የቦታው ሙቀትና ከፍታ ለውጥ ያመጣል?

በጣም። የድሬዳዋን አየር ማረፊያ ውሰድ፦ ከፍታው ወደ 3,800 ጫማ ነው። በዚያ ከፍታ መደበኛው ሙቀት 7 ዲግሪ ግድም ነው። ከሰዓት 34 ዲግሪ ሲሆን ልዩነቱ 27 ነው፤ ለእያንዳንዱ ዲግሪ 120 ጫማ ደምር፣ 3,240። ስለዚህ ክንፉና ሞተሩ የሚያዩት አየር 7,000 ጫማ ላይ እንዳለ ሳስቷል። ትንሿ ሴስና 172 ረዥም ትሮጣለች፣ ቀስ ብላ ትወጣለች። እንዲህ ባለ ቦታ ስልጠና ወደ ማለዳ ይጠብባል፤ ተራው ያጥራል፣ ወሩ ይረዝማል። ትምህርት ቤት ስትመርጥ በዓመት ስንት ቀን፣ በቀን ስንት ሰዓት እንደሚበረር ጠይቅ።

የኢትዮጵያ አየር መንገድስ?

ቢቀበሉህ ከሁሉም የተሻለው መንገድ እሱ ነው፤ አብራሪዎቹን በብዛት የሚያወጣው ከራሱ ትምህርት ቤት ነውና። ማስታወቂያው ሲወጣ የዕድሜ፣ የቁመትና የትምህርት መስፈርቱን ቃል በቃል ተከተል። ለእንግሊዝኛ፣ ለሒሳብና ለፊዚክስ ከአሁኑ ተዘጋጅ። የአገልግሎት ግዴታውን ውል ከመፈረም በፊት ስንት ዓመት እንደሆነ፣ ቢቋረጥ ስንት እንደሚከፈልና ዋሱ ምን እንደሚጠየቅ ከቤተሰብህ ጋር ቁጭ ብለህ አንብብ።

ከጀጎል፣ አባት ነኝ፦ ልጄ ሴት ናት፤ ይከብዳታል?

አይከብዳትም። ፈተናውም ሜዲካሉም አንድ ነው። ካፒቴን አምሳለ ጓሉ እ.ኤ.አ. በ2010 የአየር መንገዱ የመጀመሪያዋ ሴት ካፒቴን ሆናለች። እርስዎ ሒሳቧንና እንግሊዝኛዋን ይከታተሉላት።

200 ሰዓትና ሲፒኤል ይዤ ብመጣ ሥራ አለ?

ወዲያው ይገኛል ብዬ አላጽናናህም። የውጭ ፈቃድ እዚህ እንዲያገለግል ወደ ባለሥልጣኑ ወስደህ ታስቀይራለህ፤ ስለዚህ ከመሄድህ በፊት የዚያ ትምህርት ቤት ፈቃድ በምን ሁኔታ እንደሚቀየር በጽሑፍ ጠይቅ። ውጭው በማይታይበት ጊዜ የአውሮፕላኑን መሣሪያዎች እያነበብክ የመብረር ብቃትህ በየዓመቱ ይታደሳል፣ ሜዲካልህም እንዲሁ፤ ሥራ እየፈለግክ ለሁለቱም ትከፍላለህ። የአንድ ዓመት እድሳት በበጀቱ ውስጥ ይግባ።

የአንድ ጄት ታይፕ ሬቲንግ (ያንን የአውሮፕላን ዓይነት ለማብረር የሚሰጥ ብቃት) በራስህ ገንዘብ አትግዛ፤ የሥራ ውል በእጅህ ካልሆነ በቀር። በዚያ ገንዘብ የአስተማሪነት ብቃት ብትወስድ እየተከፈለህ ሰዓት ትሰበስባለህ። የአየር መንገድ አዛዥ ለመሆን የሚያስፈልገው 1,500 ሰዓት በዚህ መንገድ ነው ቀስ በቀስ የሚሞላው። ሎግቡክህን (የበረራ ሰዓት መመዝገቢያህን) በየቀኑ፣ በቀለም፣ ሳትሰርዝ ጻፍ፤ ፈቃድ ለማስቀየር ስትሄድ መጀመሪያ የሚገለጠው እሱ ነው።