አደባባይ ውስጥ መስመር አይቀየርም፦ ባለ ሁለት መስመር አደባባይ ለሚያስጨንቃት እህት

እህቴ፣ ጥያቄሽን አንብቤ ዝም ብዬ ማለፍ አልቻልኩም። መንጃ ፈቃድ ካወጣሽ ገና እንደሆነ፣ ባለ ሁለት መስመር አደባባይ ስትደርሺ መቼ እንደምትገቢና የትኛውን መስመር እንደምትይዢ ግራ እንደሚገባሽ፣ ከኋላሽ ያለው ሾፌር ክላክስ ሲያደርግ ደግሞ ጨርሶ እንደምትደነግጪ ጽፈሻል። መውጫሽ ሊያመልጥሽ ሲል ከውስጠኛው መስመር ወደ ዳር በድንገት ታጥፈሽ ለጥቂት ከመጋጨት እንደተረፍሽም ነግረሽናል። ከእኔ በፊት የመለሱልሽ ሰዎች «ደፍረሽ ግቢ፣ ትለምጂዋለሽ» ብለውሻል። እኔ በዚህ አልስማማም። አደባባይ በድፍረት አይለመድም። ከጭነት መኪና እስከ ቤት አውቶሞቢል ስነዳ የኖርኩ ሰው ነኝ፤ አደባባይ ላይ አጥፍቼ አላውቅም፣ አንድ ቢሮ ግን ጥፋተኛ ሊያደርገኝ ሞክሮ ነበር። እመለስበታለሁ።

የምትነጂው ተሽከርካሪ ቀኙን ይዞ በሚሄድበት አገር እንደሆነ ቆጥሬ ነው የምጽፍልሽ። ቅድሚያ አደባባዩ ውስጥ ላለው መሆኑን ታውቂያለሽና እዚያ ላይ አልቆይም።

1. መስመርሽን ከአደባባዩ በፊት ምረጪ። የአንቺ ችግር ያለው እዚህ ላይ ነው እንጂ መግባቱ ላይ አይደለም። ወደ ቀኝ የምትታጠፊ ከሆነ የቀኙን፣ ወደ ግራ የምትሄጂ ወይም ዞረሽ የምትመለሺ ከሆነ የግራውን፣ ቀጥታ የምትሄጂ ከሆነ ቀስቱ የሚፈቅድልሽን ያዢ። አስፋልቱ ላይ የተቀባው ቀስት ወይም ከመግቢያው በፊት የቆመው ሰሌዳ ከዚህ የተለየ ካዘዘ ትእዛዙ ይከበራል። ከገባሽ በኋላ ግን መስመር አይቀየርም። አይቀየርም! ውስጠኛውን መስመር ይዘሽ ሳለ መውጫሽ ካለፈሽ ሌላ ዙር ዙሪ። ደግሞ መዞር ጥፋት አይደለም፤ የሚወስድብሽም ጥቂት ሰከንድ ነው። ያን ቀን በድንገት ወደ ዳር ስትታጠፊ ከጎንሽ ሞተር ብስክሌት ቢኖር ኖሮ ዛሬ የምትጠይቂን ሌላ ጥያቄ ነበር።

2. ፍሬቻን አትመኚ፣ የፊት ጎማን እዪ። ሌላው ሾፌር የቀኝ ፍሬቻ ስላበራ ብቻ ይወጣል ብለሽ አትግቢ። ከቀደመው መታጠፊያ ጀምሮ ሳያጠፋው ረስቶት ሊሆን ይችላል። የፊት ጎማው ወደ መውጫው መዞር ሲጀምርና የመኪናው አፍንጫ ሲከተለው ግን ያለ ጥርጥር እየወጣ ነው፤ ያን ጊዜ ግቢ። የራስሽን ፍሬቻ በተመለከተ፣ ከመውጫሽ በፊት ያለውን መውጫ እንዳለፍሽ የቀኙን አብሪ። ይህን የማያደርግ ሾፌር ያበሳጨኛል። የሚዞር መስሎ መጥቶ በድንገት ይወጣል፤ መግቢያው ላይ የተሰለፈው ሁሉ በከንቱ ቆሞለት ይቀራል።

3. ከኋላሽ ክላክስ የሚያደርገው ሰው ከፊትሽ ያለውን አያይም። የሚያየው የአንቺን መኪና ጀርባ ብቻ ነው፤ ብትጋጪም ካሳ አይከፍልልሽም። ይልቅ ቀደም ብለሽ ፍጥነት ቀንሰሽ፣ በሁለተኛ ማርሽ፣ ወደ ግራ እያየሽ ብትቀርቢ ብዙ ጊዜ ሳትቆሚ ክፍተት ታገኛለሽ። የሚያስቸግረው ሙሉ በሙሉ ቆሞ መነሳት ነው፤ ፍሪሲዮን፣ ማርሽ፣ ነዳጅ ስትዪ ክፍተቱ ያልፋል። ወደ ግራ ስታዪ ደግሞ አንገትሽን ብቻ ሳይሆን ወገብሽንም አንቀሳቅሺ። የፊት መስታወቱን የያዘው የግራ ምሶሶ አንድ ሞተረኛ ከነሞተሩ ሊጋርድ ይችላል። አንቺ ወደ መግቢያው ስትቀርቢ እሱም ዙሩን ይዞ ስለሚመጣ ከምሶሶው ጀርባ ሳይወጣ አፍንጫሽ ላይ ሊደርስ ይችላል። ወደ ፊት ጎንበስ ብለሽ ከምሶሶው በፊትም በኋላም ያለውን እዪ። ይህን ያስተማረኝ የመንጃ ፈቃድ ማሠልጠኛ የለም፤ ማስተማር ግን ነበረባቸው።

4. ግጭት ከደረሰ፣ ማንም መኪናውን ከማንቀሳቀሱ በፊት ፎቶ አንሺ። የሚያንቀሳቅስ ከቀደመሽ ደግሞ መሬቱን አንሺ። ይህንን ከነታሪኩ ልንገርሽ፣ ገንዘቤንም ዕረፍቴንም የበላው እሱ ነውና።

ቀጥታ ለመሄድ የግራውን መስመር ይዤ ገባሁ። የግራው ቀስት ቀጥታም ግራም ይፈቅዳል፤ የቀኙ ቀስት ቀጥታና ቀኝ ብቻ ነው የሚፈቅደው። በቀኙ መስመር አንድ ነጭ አውቶሞቢል አብሮኝ ገባ። ፍሬቻዬን አብርቼ ወደ ሁለተኛው መውጫ መታጠፍ ስጀምር፣ ያ ሰው በራሱ መስመር አብሮኝ መውጣት ሲገባው የዳሩን መስመር እንደያዘ በፊቴ አቋርጦ ወደ ሦስተኛው መውጫ ቀጠለ። የእኔ መኪና የቀኝ የፊት ጥግ ከእሱ መኪና የግራ የኋላ በር ጋር ተላተመ። የፊት መብራቴ ረገፈ፣ ፓራፋንጎው ተጨረማመተ። እግዚአብሔር ይመስገን፣ ሰው አልተጎዳም። ሰውየው ግን ወርዶ እንኳን ሳያይ መኪናውን ወስዶ ጥግ አቆመና «መንገድ እንዳንዘጋ ብዬ ነው» አለኝ።

መኪና ይነሳል፤ ስብርባሪ ግን በወደቀበት ይቀራል። የመብራቴ መስታወት ልክ በሁለተኛው መውጫ አፍ ላይ፣ ከተቀባው ነጭ መስመር ጎን ተበትኖ ነበር። ጎንበስ ብዬ ስብርባሪውንና መስመሩን አንድ ላይ፣ ከዚያም ራቅ ብዬ ከነመውጫው ሰሌዳ አነሳሁ። ወደ መግቢያው በእግሬ ተመልሼም የሁለቱን መስመሮች ቀስት አነሳሁ። ሰውየው ምን እንደማደርግ አልገባውም ነበር።

የመድን ድርጅቱ የካሳ ክፍል ስደርስ ጠረጴዛው ላይ የነበረው ወጣት የያዝኩትን ፎቶ ቀና ብሎ አላየውም። «በፊት የመታኸው አንተ ነህ፤ የመታ ጥፋተኛ ነው» አለኝ። አባቱ የምሆን ሰው ነኝ፣ በአንተ ነው ያናገረኝ። ሌላኛው መውጫውን አልፎ እንደሄደ ላስረዳው ስሞክር «አንተም ከውስጥ ወደ ውጭ ስትወጣ መስመር ቀይረሃል፤ ግማሽ ግማሽ ነው» ብሎ ፋይሉን ዘጋው። ከውስጠኛው መስመር ወደ መውጫው መታጠፍ መስመር መቀየር ከሆነ፣ በግራ መስመር የገባ ሰው በየት በኩል ሊወጣ ነው? ይህንኑ ጠየቅኩት። «ወረፋ አለ፣ ዞር በል» አለኝ። የሰውን ንብረትና ስም የሚዳኝ ሰው አንዲት ቀስት ለማየት ዓይኑን ከጠረጴዛው ማንሳት ሲያቅተው ማየት ያማል።

አልተውኩትም። ፎቶዎቹን በትልቁ አሳትሜ፣ የአደባባዩን ንድፍ በማስመሪያ ሠርቼ፣ ማመልከቻ አያይዤ ለክፍሉ ኃላፊ አቀረብኩ። ብዙ ተመላለስኩ። በመጨረሻ ያገኘኋት ኃላፊ አስተዋይ ሴት ነበረች፤ መጀመሪያ የጠየቀችኝ «እሱ የገባበት መስመር ቀስት ወዴት ይላል?» ብላ ነው። ከዚህ ሌላ ጥያቄ የለውም። ውሳኔው ተሽሮ ጥገናው በሙሉ ተከፈለኝ። መኪናው ጋራዥ ቆሞ ሳለ የቀረብኝን ሥራ ግን ማንም አልካሰኝም፤ አሁንም ያንገበግበኛል። ፎቶዎቹን አልጣልኳቸውም። ልጆቼን መንዳት ሳስተምር ያስተማርኳቸው በእነሱ ነው፤ ዛሬ ሁለቱም አደባባይ ሲገቡ አጠገባቸው ያለ ስጋት እቀመጣለሁ።

ስለዚህ እህቴ፣ በዳሩ መስመር ላይ ሆነሽ መውጫዎችን እየዘለልሽ አትዙሪ። ብዙ ጀማሪ «ዳር ዳሩን መያዝ ይሻላል» ብሎ የሚያደርገው ይህንኑ ነው፤ ከውስጥ የሚወጣውን ሁሉ የሚያቋርጠው እሱ ነው። ውስጠኛው መስመር ያስፈራሻል፣ ይገባኛል፤ ቀስቱ ወደዚያ ካዘዘሽ ግን ደህና የምትሆኚው እዚያ ነው።

ረጅም የጭነት መኪና ወይም አውቶቡስ ሲገባ ደግሞ ከጎኑ አትግቢ። ይህንን የምልሽ ራሴ መሪው ላይ ተቀምጬ ስላየሁት ነው። የኋላ ጎማዎቹ የፊቶቹን ፈለግ አይከተሉም፤ ወደ ውስጥ ይቆርጣሉ። በብዙ አደባባዮች በመሐሉ ደሴት ዙሪያ ትንሽ ከፍ ብሎ በድንጋይ የተነጠፈ ቀለበት የሚኖረው ለእነዚህ ጎማዎች ነው። ሾፌሩ ሁለቱን መስመር ቢይዝ ትዕቢት አይደለም፣ ሌላ መሄጃ የለውም። ከኋላው ቆይተሽ ተከተዪው።

«አደባባይ ሁሉ ፈርሶ መብራት ይተከል» ያሉ ወንድሞችም እዚህ አሉ። አልተስማማሁም። አራት መንገዶች በሚገናኙበት ተራ መስቀለኛ መንገድ ላይ የተሽከርካሪዎች ጉዞ የሚጋጭባቸው ነጥቦች 32 ናቸው፤ ባለ አንድ መስመር አደባባይ ላይ 8 ብቻ። ከሁሉ በላይ ደግሞ መብራት ጥሶ በሙሉ ፍጥነት ጎንሽን የሚመታሽ ሰው አደባባይ ላይ አይኖርም፤ ሁሉም ለመዞር መቀነስ አለበትና ግጭቱ አብዛኛውን ጊዜ የቆርቆሮ ጉዳት ሆኖ ይቀራል። አደባባይ የሚያቅተው ከአንድ አቅጣጫ ብቻ ያለማቋረጥ ሲጎርፍበት ነው፤ ያኔ የሌሎቹ መግቢያዎች ክፍተት አጥተው ይቆማሉ። እዚያ መብራት ቢረዳ አልቃወምም።

ደንቡም ቢሆን ዝም ብሎ የመጣ አይደለም። ብሪታንያ በ1966 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር የሚገባው አስቀድሞ ለሚዞረው ቅድሚያ ይስጥ ብላ ከመደንገጓ በፊት የሚገባውም የሚዞረውም እኩል እየተጋፋ አደባባዩ ተቆላልፎ ይቆም ነበር። በሌላ አገር ለመንዳት ካሰብሽ ግን ምልክቱን አንብቢ፤ ፓሪስ ውስጥ 12 መንገዶች የሚገናኙበት የኤቷል አደባባይ ላይ ቅድሚያ የሚያገኘው ገቢው ነው፣ ዞሪው ቆሞ ያሳልፋል። ባለ ሁለት መስመር አደባባይ ሰው እንደሚያደናግር መሐንዲሶቹም ያውቃሉና አንቺ ብቻ የተቸገርሽ አይምሰልሽ። ኔዘርላንዶች መስመሮቹ ከፍ ባለ ጠርዝ የተለያዩበትን፣ ከገባሽ በኋላ መስመር መቀየር የማትችዪበትን የአደባባይ ዓይነት የፈለሰፉት ለዚሁ ነው። የእኛን ደንብ በጠርዝ ሠሩት ማለት ነው።

ለልምምድ መንገዱ ጭር የሚልበትን የማለዳ ሰዓት ምረጪ። ያው አደባባይ ላይ በየመግቢያው ግቢ፣ በየመውጫው ውጪ፤ አንድ ጊዜ ደግሞ ሆን ብለሽ መውጫሽን አሳልፊና ሌላ ዙር ዞረሽ ውጪ። ሁለተኛ ዙር መዞር ከለመደልሽ ያ በድንገት ወደ ዳር የመታጠፍ አባዜ ይለቅሻል። ስትገቢም ስትወጪም የእግረኛ ማቋረጫውን አትርሺ፤ የሚገባ ሾፌር ሁሉ ዓይኑ ወደ ግራ ስለሆነ እግረኛው ከቀኝ ሲመጣ የሚያየው የለም።

መውጫሽ ሊያመልጥሽ በነበረበት አደባባይ ላይ፣ አንቺ በምትገቢበት በኩል ምን ዓይነት ቀስት እንደተቀባና ስንት መውጫ እንዳለው አይተሽ እዚሁ ጻፊልኝ። የትኛውን መስመር እንደምትይዢ እነግርሻለሁ።