ጭንቀትን ያለ ኪኒን ማርገብ፦ ዛሬ ማታ ሲስተርን ጠይቁ

ሲስተር፦ እንደምን አመሻችሁ። እዚሁ ጎንደር የአእምሮ ሕክምና ነርስ ነኝ። ስማችሁን ትታችሁ በሰፈራችሁ ስም ጠይቁኝ። ከወዲሁ ግን አንድ ነገር ልበል፦ መድኃኒት የጀመረ ሰው በራሱ አያቁም።

አዘዞ፦ ሲስተር፣ ታክሲ ውስጥ ልቤ ድው ድው ይላል፣ እጄን ያልበኛል። አሁንስ ሞትኩ እላለሁ። ልቤን ተመርምሬ ደህና ነህ ተብያለሁ።

ሲስተር፦ መመርመርህ ጥሩ ነው። «በረጅሙ ተንፍስ» ይሉሃል አይደል? አንተም አየር ትስባለህ፣ አሁንም ትስባለህ። ይባስ ብሎ ራስህን ያዞርሃል፣ ጣትህ ይደነዝዛል። በላይ በላዩ ሲተነፈስ ደም ውስጥ ያለው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ስለሚቀንስ ነው። ቁም ነገሩ ማስወጣቱ ላይ ነው። አየር ስናስገባ ልብ ትንሽ ይፈጥናል፤ ስናስወጣ ቬገስ የሚባለው ነርቭ ያዘገየዋል። ስለዚህ እስከ 4 እየቆጠርክ በአፍንጫህ አስገባ። ከዚያ ትኩስ ሻይ እንደምታበርድ ከንፈርህን ሰብሰብ አድርገህ እስከ 6 እየቆጠርክ አስወጣ። እጅህን ሆድህ ላይ አድርግ፤ የሚነሳው ሆድህ ይሁን እንጂ ደረትህ አይሁን። 5 ደቂቃ ይበቃል። ደግሞ ታክሲ ውስጥ እስኪይዝህ አትጠብቅ። ጠዋት ጠዋት፣ ደህና ስትሆን ተለማመደው። ሰው ሁሉ የሚሰንፈው እዚህ ላይ ነው።

ማራኪ፦ ጭንቀት አለብኝ፣ መፍትሔ?

ሲስተር፦ ምን ሲሆን? ከመቼ ጀምሮ? እንዲህ ተጠይቄ ምን ልመልስ?

ፒያሳ፦ ቡና ልተው እንዴ?

ሲስተር፦ ቡና ውስጥ ያለው አነቃቂ፣ ካፌን የሚባለው፣ ግማሹ ከሰውነት እስኪወጣ 5 ሰዓት ገደማ ይፈጃል። 10 ሰዓት ላይ ከጠጣሽው ግማሹ ማታ 3 ሰዓትም አብሮሽ ነው። ጠዋት አቦሉን ጠጪና በቃኝ በይ።

አራዳ፦ ቡና ያለ በረካ? ነውር ነው! እናቴ ማታ ሦስቱንም ጠጥታ ለጥ ትላለች።

ፒያሳ፦ ያንተ እናት ሌላ፣ እኔ ሌላ።

አራዳ፦ ጤና አዳም ጣል አድርጊበት፣ ምንም አይልሽም።

ፒያሳ፦ ጤና አዳም ካፌኑን ያወጣዋል እንዴ?

ሲስተር፦ አያወጣውም። እርጉዞች ደግሞ ጤና አዳም አትጠቀሙ። አሁን ወደ ጥያቄው።

ልደታ፦ ጸበል ልግባ ወይስ ሆስፒታል ልሂድ?

ሲስተር፦ ሁለቱም ይቻላል። ኪኒንሽን ግን ይዘሽ ግቢ። በራስ አይቆምም ብያለሁ።

አራዳ፦ ጫትስ? እኔን ያረጋጋኛል።

ሲስተር፦ ምርቃናው ሲወርድስ? ተው።

ቁስቋም፦ ተኩስ ከሰማሁ ወዲህ በር ሲንኳኳ እዘላለሁ። እንቅልፍም የለኝ።

ሲስተር፦ አይዞሽ እህቴ፣ ሰውነትሽ ሊጠብቅሽ ብሎ ነው። ስትደነግጪ እግርሽን መሬት አስረግጪ። ዙሪያሽን እያየሽ የ5 ዕቃ ስም ጥሪ፦ ጀበና፣ መጋረጃ፣ ወንበር... ጮክ ብለሽ። «አሁን ቤቴ ነኝ» በይ። ከዚያ ለአዘዞው ልጅ ያልኩትን ትንፋሽ ቀጥዪ። ሌሊት ዜና ለማየት ስልክ አታንሺ። ወር ካለፈው ግን ወደ ሐኪም፤ ብቻሽን አትታገዪው።

ማራኪ፦ ሲስተር፣ ልብ ሲመታ ምን ይደረጋል?

ሲስተር፦ ከላይ አንብብ።

ማራኪ፦ ረዘመብኝ።

ሲስተር፦ ቀጣይ!

ሳሙና በር፦ እህቴ ትጨነቃለች። እንደ ልቧ ትበላለች፣ ግን ትከሳለች። እጇ ይንቀጠቀጣል፣ ሙቀት አትችልም።

ሲስተር፦ ይኼ በትንፋሽ የሚፈታ አይመስለኝም። ታይሮይድ የሚባለው የአንገት ዕጢ ሆርሞን ሲበዛ ቁርጥ ጭንቀት ይመስላል። አንገቷ ላይ እንቅርት ባይታይም ችግሩ ሊኖር ይችላል። ነገውኑ የደም ምርመራ ታድርግ።

ሳሙና በር፦ እስከዚያ ካሞሚል ሻይ ላፍላላት?

ሲስተር፦ አፍላላት። ነገ ጠዋት ግን ምርመራ!