ቤታችሁ ሳያልቅ ጅማ ለምትደርሱ ወገኖቼ

በየዓመቱ ሐምሌ ሲገባ ከአባ ሰጉድ አውሮፕላን ማረፊያ ወጥተው፣ እናታቸውን እንኳ በቅጡ ሳይስሙ፣ ወደሚያስገነቡት ቤት የሚሮጡ ወገኖቼን አያለሁ። የሚጠብቃቸው በርና መስኮቱ ያልተገጠመ፣ ልስኑ ያልደረቀ፣ ግቢው በአሸዋና በብሎኬት የተሞላ ቤት ነው፤ በስልክ የሰሙት ግን «የቀረው ቀለም ብቻ ነው» የሚል ነበር። የስድስት ሳምንት ዕረፍታቸው በጭቅጭቅ ያልፍና ቤቱ ሳያልቅ፣ ከዘመድ ጋርም ተቀያይመው ይመለሳሉ። እኔ ሃያ ሁለት ዓመት ውጭ ሀገር ኖሬ ወደ ጅማ የተመለስሁ ሰው ነኝ። ይህን ስሕተት ከሁላችሁም በከፋ መንገድ ስለ ሠራሁት ነው በቁጣ የምናገረውና ቃሌን እንደ ስድብ አትቁጠሩት።

1. ስለ ወረቀት

ውክልናው በኤምባሲ ተፈርሞ አዲስ አበባ በውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር ይረጋገጥ፤ ለግንባታው የሚያስፈልገውን ብቻ ዘርዝሩበት፣ መሸጥና በዋስትና ማስያዝ የሚሉትን አታስገቡበት።

2. ስለ ክረምት

ጅማ ተወልዶ ያደገ ሰው ይህን መርሳቱ ይገርመኛል። በከተማችን በዓመት 1,500 ሚሊ ሜትር ገደማ ዝናብ ይዘንባል፤ አብዛኛውም የሚወርደው ከግንቦት እስከ መስከረም ባለው ጊዜ ነው። የልጆቻችሁ ትምህርት ቤት የሚዘጋውና እናንተ ፈቃድ የምታገኙት በዚሁ ወቅት በመሆኑ፣ «ሐምሌ ስመጣ ልግባበት» ብላችሁ ቀን ስትቆርጡ የማጠናቀቂያውን ሥራ በሙሉ ዝናብ ላይ ትጥሉታላችሁ። የኮንክሪት ጥንካሬ የሚለካው በተሞላ በ28ኛው ቀን ነው፤ ቢያንስ የመጀመሪያውን ሳምንትም ውሃ እየጠጣ መቆየት አለበት። ልስን ደግሞ በተቃራኒው መድረቅ ይፈልጋል፤ እርጥበቱን ሳይጨርስ ከተቀባ ቀለሙ ያብጣል፣ ይላላጣል፣ ግድግዳውም ይሻግታል። በአዌቱ ወንዝ አጠገብ ባለው ዝቅተኛ ቦታ መሬቱ ራሱ ውሃ ስለሚይዝ ነገሩ ይብሳል። «ጌታዬ፣ ይህ ግድግዳ አሁን አይቀባም» የሚላችሁ ቀለም ቀቢ ሰነፍ አይደለም፤ ገንዘባችሁን እያዳነላችሁ ነውና አመስግኑት። ማለቅ ያለበትን ቤት ለማየት የምትመጡ ከሆነ በጥር ወይም በየካቲት ኑ።

3. ስለ ገንዘብ አላላክ

ግንባታ ዘገየ ብላችሁ ከመቆጣታችሁ በፊት የላካችሁበትን ቀን ከላካችሁት መጠን ጋር ጎን ለጎን ጻፉት። ብዙዎቻችሁ ዛሬ ጥቂት፣ ከሦስት ወር በኋላ ደግሞ ጥቂት ትልካላችሁ፤ ግንበኛው ሲሚንቶው ባለቀ ቀን ዕቃውን ሰብስቦ ሌላ ሥራ ይይዛል፤ ገንዘቡ ሲደርስ እሱን መልሶ ማግኘት ሌላ ሁለት ወር ይፈጃል። ከጥቅምት ጀምሮ ደግሞ ቡና ለቀማ ስለሚደርስ የቀን ሠራተኛው ወደ ገጠር ይወጣል። በዚህ ላይ ስልክ ላይ ባያችሁት ፎቶግራፍ ተማርካችሁ የተገነባ የወጥ ቤት ግድግዳ ታስፈርሳላችሁ፤ ያ የፈረሰው ግድግዳ የስንት ቀን ሥራ እንደ ነበረ ግን አትቆጥሩም።

ለአንድ የሥራ ደረጃ የሚበቃውን ሙሉ ገንዘብ እስክታጠራቅሙ አትጀምሩ። መሠረቱን ለብቻ፣ ግድግዳውን ለብቻ፣ ጣሪያውን ለብቻ፣ ልስኑን ለብቻ ተዋዋሉ፤ ዘመዳችሁ ያልሆነ መሐንዲስ በክፍያ ቀጥራችሁ እያንዳንዱን ደረጃ አስለኩ። የምትጠይቁትም «ስንት ብር ፈጀ?» ብላችሁ ብቻ አይሁን፤ ስንት ኩንታል ሲሚንቶ፣ ስንት ቆርቆሮ፣ ስንት ቤርጋ ብረት እንደ ገባ ጠይቁ። ብር ዋጋው ይለዋወጣል። ሐምሌ 22 ቀን 2016 የውጭ ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር በላይ ሆኗል፤ ሴራሚኩ፣ የኤሌክትሪክ ገመዱና የመታጠቢያ ቤቱ ዕቃም አብሮት ወጥቷል። በአሮጌው ዋጋ ገምታችሁ የሰውን ልጅ ሌባ አትበሉ።

4. ስለ ወኪላችሁ

ይህን ምክር መጻፍ የጀመርሁት ለዚህ ክፍል ስል ነው።

እኔ ለቤቱ ሥራ የወከልሁት ታናሽ ወንድሜን ነበር። ደመወዝ አልቆረጥሁለትም፤ «ወንድም አይደል እንዴ» አልሁ። ቤተሰብ ያለው፣ የራሱ ሥራ ያለው ሰው በየማለዳው ለእኔ ግንበኛ ሲጠብቅ፣ ለእኔ አሸዋ ሲያስጭን፣ ማታ ደግሞ በእኔ ሰዓት እየተቀሰቀሰ በስልክ ሲመረመር ሦስት ዓመት ኖረ። በ2010 ዓ.ም. መጀመሪያ የብር የምንዛሪ ዋጋ በ15 በመቶ ሲቀነስ የብረት ዋጋ መውጣቱን ነገረኝ፤ አላመንሁትም። በየካቲትም በኦሮሚያ በነበረው አድማ መንገድ ተዘግቶ ከአዲስ አበባ የሚመጣው ዕቃ ቀረ፤ በወልቂጤና በጊቤ በረሃ በኩል 350 ኪሎ ሜትር ገደማ የሚጓዝ የጭነት መኪና እንዴት በቀጠሮው ሊደርስ እንደሚችል ሳላስብ «ሁልጊዜ ምክንያት አታጣም» አልሁት።

በዚያው ዓመት ሐምሌ መጣሁ። ቤቱ በር አልነበረውም። ለበር የሚሆን ገንዘብ ከላክሁ ዓመት አልፎ ነበርና ደሜ ፈላ፤ በግንበኞቹ፣ በጎረቤቱና በልጁ ፊት «ገንዘቤን በላኸው» ብዬ ጮኽሁበት። አንድ ቃል አልመለሰልኝም። ወደ ቤቱ ወሰደኝና ከጓሮው መጠለያ ሥር በየመካከሉ እንጨት እየገባበት የተደረደረ የዋንዛ ሳንቃ አሳየኝ። ገንዘቡ በደረሰው ሳምንት ገዝቶት ነበር። እርጥብ ሳንቃ በር ከሆነ በኋላ ይጣመማል፣ ይሰነጠቃል፤ ስለዚህ በጥላ ሥር እስኪደርቅ ከዓመት በላይ ጠብቆታል፤ እኔ ስደርስ ለአናጺ ሊሰጠው ጥቂት ሳምንት ቀርቶት ነበር። ይህንንም በስልክ ሊነግረኝ ሞክሮ እንደ ነበር አስታውሳለሁ፤ አቋርጬዋለሁ።

ከዚያ በኋላ የሂሳብ ደብተሩን ሰጠኝ። በየገጹ ቀን፣ ዕቃ፣ መጠንና ዋጋ ተጽፏል። ከየካቲት በኋላ ባሉት ገጾች ላይ በአንዳንዱ መስመር መጨረሻ «ከራሴ» የሚል ቃል አየሁ። ማና ወረዳ ካለችው ማሳው የለቀመውን የቡና ሽያጭ፣ እኔ መላክ ባዘገየሁባቸው ወራት ለሲሚንቶና ለሠራተኛ ከፍሎበት ኖሯል። ያን ደብተር ጠይቄ አላውቅም ነበር፤ በሦስት ዓመት ውስጥ አንድ ቀን እንኳ «ፎቶግራፍ አንስተህ ላክልኝ» ብለው ኖሮ ሁሉንም አየው ነበር።

እንግዲህ ለወኪላችሁ በጽሑፍ የተወሰነ ደመወዝ ቁረጡለት። የደብተሩን ገጽ በየወሩ ይላክላችሁ፤ አንብቡት፣ የጎደለውንም በጊዜው ሙሉ። ሐሰተኛ ወኪል መኖሩን አልክድም፤ ገንዘብ በልቶ የጠፋም አውቃለሁ፤ ነገር ግን ሐሰተኛውን ከእውነተኛው የሚለይላችሁ ያ ደብተርና መሐንዲሱ እንጂ ጩኸታችሁ አይደለም። ጅማ ስትደርሱ በመጀመሪያው ሳምንት ግንባታው ቦታ አትሂዱ። ከእናታችሁ ጋር ቡና ጠጡ፣ ደብተሩን ተቀበሉ፣ ከመሐንዲሱ ጋር ቁጭ ብላችሁ አስሉ፤ ቅሬታ ካላችሁም በሠራተኛ ፊት ሳይሆን በር ዘግታችሁ ለብቻው ንገሩት።

እኔ ሽማግሌ ልኬ ይቅርታ ጠየቅሁ። ከራሱ ያወጣውን ገንዘብ መለስሁለት፤ እንቢ ቢልም ለልጆቹ ብዬ አስቀመጥሁ። እርሱም ይቅር ብሎኛል፤ በሮቹን ራሱ አስገጠመ፣ በየበዓሉም ከነቤተሰቡ ይመጣል። ዋንዛው እስካሁን አልተጣመመም። ነገር ግን ከልጅነታችን ጀምሮ «አንተ» ሲለኝ የኖረው ወንድሜ ከዚያ ቀን ወዲህ የሚጠራኝ «እርስዎ» እያለ ነው።